የቅዳሜው ደብዳቤ

«እማማን ከራሷ ከእማማ የተሻለ እጽፋታለሁ!» አለች ፅዮን፣ አንድ እሽግ የወረቀት ሳህን ደረቷ ላይ ለጥፋ እንደያዘች። «ሦስት ዓመት ሙሉ እጇ እኔ አይደለሁ? ሶ፣ ለእኔ ተዉት። በአሥር ደቂቃ ጽፌ እልካለሁ። አባባ አየለ ምንም አይጠረጥሩም።»

ወጥ ቤት ቆመው ሲንሾካሾኩ የነበሩት ሦስት ሰዎች ዞር ብለው አዩዋት። አባቷ ሞላልኝ ማቀዝቀዣውን ተደግፏል፤ ዓይኑ በርበሬ መስሏል። የዳላስ ኢትዮጵያውያን ማኅበር ሰብሳቢ ጋሽ ሕዝቅያስ ከረቡዕ ወዲህ ስልካቸው ከጆሯቸው ተለይቶ አያውቅም። እትዬ አይሻ ደግሞ ከታች ፎቅ የሚኖሩ የወሎ ሰው ናቸው፤ ሁለት ትልልቅ ፔርሙስ ሻይ ይዘው ከገቡ ጀምሮ የዚህን ቤት ብርጭቆ ማጠብ ለማንም አላስነኩም።

አያቷን እማማ ጥሩወርቅን ጠዋት ቀብረው ነው የተመለሱት። ዘጠና ስድስት ዓመቷ ነበር። አስከሬኗ አገር ቤት ይሂድ ያሉ አልጠፉም፤ እሷ ግን ገና በደህናዋ ቀን «ውቅያኖስ አንዴ ተሻግሬዋለሁ፣ ይበቃኛል» ብላ ጨርሳዋለች። አሁን ዳላስ አጠገብ፣ አዲሰን ያለችው ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማቸው በሰው ጢም ብላለች። ከማኅበሩ የመጡት ታጣፊ ወንበሮች ሳሎኑን አልፈው ኮሪደሩን ይዘዋል፣ በሩ ላይ የጫማ ክምር አለ፣ ንፍሮ በወረቀት ሳህን ይዞራል።

የወጥ ቤቱ ጭንቀት አንድ ሰው ነው፦ የእማማ ታናሽ ወንድም፣ አባባ አየለ። አዲስ አበባ ነው ያሉት፤ ዘጠና ሁለት ዓመታቸው ነው። ጆሯቸው ስልክ መስማት ካቆመ ቆይቷል። ማክሰኞ ዕለት የግራ ዓይናቸውን ሞራ አስገፈፉ። ሐኪሙም አብራቸው የምትኖረውን ልጃቸውን ምሥራቅን ጠርቶ፣ ፋሻው ሰኞ እስኪፈታ ማልቀስ ክልክል ነው፣ እንባ ከነካው ዓይኑ አይተርፍም ብሎ አስጠነቀቃት። በማግስቱ ረቡዕ ጠዋት እማማ ሞተች። መርዶው እንግዲህ በሚቀጥለው ማክሰኞ ይሁን ተባለ፤ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ በራቸው ደርሶ፣ ግራና ቀኝ ይዟቸው እንዲሰሙ። እስከዚያ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ሁሉ አፉን ዘግቷል።

ቅዳሜ ግን መጣ። ቅዳሜ የእማማ ደብዳቤ ቀን ነው።

«ደብዳቤው ከቀረ ያውቃል» አለ ሞላልኝ። «ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ቅዳሜ ቀርቶበት አያውቅም።»

«ታዲያ ልጅቱ ትጻፋ!» አሉ ጋሽ ሕዝቅያስ። «ዓይን ነው እኮ! ከጠፋ ማን ይመልስለታል?»

«እኔ ደስ አላለኝም» አሉ እትዬ አይሻ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ። «የሞተ ሰው ደብዳቤ ይልካል እንዴ ሞላልኝ?»

«ምን ላድርግ ታዲያ አይሻ? እህትህ ሞታለች ብዬ በቴሌግራም ልላክለት? ብቻውን ቁጭ ብሎ ያንብበው? ቢያንስ ሰው ከብቦት ይስማ እንጂ!»

ፅዮን ሳህኖቹን አስቀመጠችና እጇን ዘረጋች።

«የእማማን ስልክ።»

ወደ መኝታ ቤቱ ስታመራ ሁለት ሴቶች እያለቀሱ ገቡ። አንዷ «እማማ ጥሩዬ፣ እማማ ጥሩዬ» እያለች ደረቷን ትመታለች። ፅዮን መንገዱን ዘጋችባቸው።

«ሶሪ፣ ታርጋችሁን ንገሩኝ። የት ነው ፓርክ ያደረጋችሁት?»

እንዲህ ማለቷ ጭካኔ አልነበረም። በዚያ ግቢ የእንግዳ መኪና በስልክ ካልተመዘገበ ቶው ይደረጋል፣ ተጎትቶ ይወሰዳል። ሐሙስ ዕለት ከአርሊንግተን የመጡ ሰውዬ አልቅሰው ሲወጡ መኪናቸው በቦታዋ የለችም፤ የእማማን ለቅሶ ትተው የመኪናቸውን ያዙ። ከዚያ ወዲህ ምዝገባው የፅዮን ሥራ ሆነ። ሴትየዋ ለቅሶዋን ገታ አድርጋ ቁጥሯን ነገረቻትና ካቆመችበት ቀጠለች።

የእማማ ወንበር መስኮቱ ጥግ እንዳለ ነው። መኪና ማቆሚያው ላይ የነሐሴ ሙቀት ይንቀለቀላል። ፅዮን ወንበሩ ላይ አልተቀመጠችም፤ እንደ ወትሮዋ ምንጣፉ ላይ፣ የወንበሩ እግር ሥር ዘጭ አለች።

እማማ ለወንድሟ በገዛ እጇ ትጽፍ የነበረው ጣቶቿ እስክሪብቶ መያዝ እስኪያቅታቸው ድረስ ነው። ከዚያ ፅዮን ተሾመች። የፅዮን አማርኛ አራት ክረምት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የተማረችው ነው፤ ፊደሉ አለ፣ ሌላውን እየተጋፋች ትሄዳለች። ቅዳሜ ቅዳሜ እማማ ዓይኗን ጨፍና ትናገራለች፤ ፅዮን ስልኩ ላይ ትጽፋለች። በማግስቱ የአባባ አየለ መልስ ይመጣል። እሳቸው በእስክሪብቶ አራት ገጽ ሞልተው ይጽፋሉ፣ ምሥራቅ ፎቶ አንስታ ትልካለች።

«ጻፊ» ትል ነበር እማማ። «ለአየለ። ባለፈው ስለ ጉልበትህ ሁለት ገጽ ጻፍክ። ጉልበት ሁሉም ሰው አለው። ስለ ሌላ ነገር ጻፍ።»

«እማማ! ሰላምታ የለውም?»

«ምን ሰላምታ ያስፈልገዋል? ደህና ባይሆን ይጽፋል? ቀጥይ። ጋቢህን አሳጥብ፣ ሽታው እዚህ ድረስ መጥቷል። ጥርስህን ሐኪም ዘንድ ሳትሄድ እንዳትጽፍልኝ። ጥሩወርቅ። በቃ። አንብቢልኝ።»

ይቺ «አንብቢልኝ» ነበረች ፅዮንን የምታጠምዳት። አንድ ጊዜ መጨረሻው ላይ፣ ከራሷ ቦርሳ አውጥታ፣ «ናፍቀኸኛል፣ እወድሃለሁ» ብላ ጨመረችበት። ቀይ ልብም አስከተለች። ስታነበው እማማ ዓይኗን ገለጠች።

«ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?»

«ፍቅር ነዋ! ሁልጊዜ ስድብ ብቻ... ማለቴ ያሳዝናሉ እኮ።»

«አጥፊው። ምን ሆነች ብሎ ይደነግጣል፣ ልጁ።»

ልጁ ያለችው የዘጠና ዓመት ሽማግሌ ነው። ፅዮን ሳቀች፤ አጠፋችውም።

አሁን ስልኩን ስትከፍት የአባባ አየለ የመጨረሻ ደብዳቤ ቁጭ ብሎ ጠበቃት። አራተኛው ገጽ ታች ላይ፣ መስመሩ እየተንሸራተተ፣ «ማክሰኞ ዓይኔን ሊከፍቱኝ ነው። ለምሥራቅ አልነገርኳትም እንጂ ፈርቻለሁ» ይላል።

ፅዮን ጣቷን አነሳች። እማማ ብትሆን ምን እንደምትለው ታውቀዋለች። «ፈሪ! ሽማግሌ ሆነህ አታፍርም?» ነው የምትለው። ጻፈችው። አየችው። ያቺ ሴትዮ ጠዋት ጉድጓድ ገብታ እንዴት ሰው ትሳደባለች? አጠፋችው።

እንደገና ጀመረች። ጣቷ ግን እሷ ያላሰበችውን፣ ወይም ሦስት ዓመት ስታስበው የከረመችውን ጻፈ። «ወንድሜ አየለ፣ እንዴት ነህ? አይዞህ፣ አትፍራ። ሁልጊዜ ስቆጣህ ነው የኖርኩት። ናፍቀኸኛል። ነግሬህ አላውቅም እንጂ በጣም እወድሃለሁ። እህትህ ጥሩወርቅ።»

እንዲህ ያለ የሚያምር ደብዳቤ ከዚህ ወንበር ወጥቶ አያውቅም። ዓይኗን ጠርጋ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ለባዶው ወንበር ጮክ ብላ አነበበችለት። ወንበሩ አጥፊው አላላትም። ይኼኔ ነው ያ የበረዶ ቀን ትዝ ያላት።

ባለፈው ጸደይ ነው። የቡጢ ግማሽ የሚያህል በረዶ መኪኖቹን ሲደበድብ መብራት ጠፋ፤ ሁለቱ እዚሁ መስኮት ሥር ተቀመጡ። ፅዮን በአንድ ጆሮዋ ሙዚቃ ትሰማለች። እማማ ሳትጠየቅ ተነሳችና ስለ አባቷ ማውራት ጀመረች።

«በሃያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ጣልያን አባቴን ወሰደው። የአንድ መኳንንት ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ጌታውን ሲያስሩ እሱንም አብረው ያዙት። ምጽዋ ላይ መርከብ ጫኑት፣ ባሕር አሻግረው አገራቸው አንድ ደሴት ላይ አሰሩት። በዓመት ሁለቴ ደብዳቤ ይፈቀድለታል። ሹማምንቱ አንብበው፣ ያልወደዱትን በጥቁር ቀለም ደምስሰው ነው የሚሰጡን። አምስት ወር ይፈጅ ነበር።»

«አምስት ወር? ኦ ማይ ጋድ።»

«እሱ እዚያ እያለ እናቴን ተስቦ ገደላት። ስምንት ዓመቴ ነው፤ አየለ ገና አራቱ። አባቴ "ባለቤቴ እንዴት ናት?" ብሎ ጽፏል። አክስቴ፣ እስረኛ ላይ መርዶ አንጭንበትም አለችና አንድ ደብተራ አስጠራች። ኧረ ምን አለፋሽ፣ ያ ደብተራ አሳምሮ ጻፈው! ናፍቆትህ እንቅልፍ ነሳት፣ ስምህን ስትጠራ ትውላለች። እናቴ እኮ ልጄ፣ አባቴን በስሙ ጠርታው እንኳ አታውቅም። እኔ ፊደል ቆጥሬ ነበር። አክስቴ ብዕሩን ሰጠችኝና ከታች በእጄ ጻፍኩ፦ እናታችን ደህና ናት። ልጅህ ጥሩወርቅ።»

«ከዚያስ?»

«በሠላሳ አንድ ተፈታ፣ መጣ። የእንጨት ሣጥኑን ከፈተ። ለእኔ ማበጠሪያ። ለአየለ ቀይ ቀበቶ። ለአክስቴ ሻሽ። ለእናቴስ ምን አመጣ ብዬ አንገቴን አስግጌ አየሁ። ሣጥኑ ባዶ ነው። ምንም አላመጣላትም። አንድ ቃል ሳይናገር እጁን ራሴ ላይ አሳረፈ።»

«ያውቁ ነበር? ማን ነገራቸው?»

«እንጃ። እስኪሞት አብሬው ኖርኩ፤ አልጠየቅኩትም።»

«ለምን?»

«ምን ብዬ? ደህና ናት ብዬ በእጄ ጽፌ?» እማማ ዓይኗን ከበረዶው ሳትነቅል ቀጠለች። «ከዚያ ወዲህ አየለን ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ፊቱን አጥቤ፣ ተቆጥቼ፣ ጋቢ አልብሼ። የእናቱን መልክ አያውቀውም።» ከዚያ ወደ ፅዮን ዞረች። «እኔ የሞትኩ ቀን ለአየለ እንዳትጽፊለት። ሰው ይሂድለት። ሰምተሻል?»

«ኦኬ እማማ።»

ያቺን «ኦኬ» ያለችው እዚሁ መስኮት ሥር ነው። አውራ ጣቷ ስልኩ ላይ ተንጠልጥሎ ቆየ። ከሳሎን አዲስ ለቀስተኛ ሲገባ እሪታው ተነሳ፤ የአባቷ ድምፅ ከሁሉ በላይ ይሰማል። ደግሞ፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ደብዳቤው ካልተላከ እማማ በእርግጥ ሞታ ማለቷ ነው። ከተላከ አንድ ቅዳሜ ይተርፋታል።

ላከችው። ወዲያው ሁለት ጭረት ታየ። አንብበውታል።

እሑድ ከሰዓት በፊት መልሱ መጣ። ፅዮን ወጥ ቤት እየሮጠች ገባች።

«አላልኳችሁም? መለሱ! አዳምጡ፦ "ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አሳምረሽ ጽፈሻል። ለሞላልኝም ለሁላችሁም በርቱ በይልኝ። አየለ።"» ስልኩን እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። «አሳምረሽ ጽፈሻል! አይ አም ዘ ቤስት!»

ጋሽ ሕዝቅያስ «ተመስገን» አሉ። አባቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ንፍሮ ቃም አደረገ። እትዬ አይሻ ግን የሚያጥቡትን ብርጭቆ ውኃ ውስጥ እንደነከሩ ቀሩ።

«ሌላው ገጽስ?»

«ሌላ የለም። ይሄ ብቻ ነው።»

«አራት ገጽ የሚጽፍ ሰው?»

«ዓይናቸው ታሽጎ ነዋ እትዬ አይሻ!»

እትዬ አይሻ ወደ ብርጭቋቸው ተመለሱ። ሰኞ ግን፣ ሁለቱ ብቻቸውን ትሪ ሲያደርቁ፣ ፅዮን ሳታስበው አመለጣት።

«እማማ ለአባባ አየለ እንዳትጽፊለት ብላኝ ነበር።»

«እና አንቺ ምን አልሻት?»

«ኦኬ።»

እትዬ አይሻ ትሪውን ገልብጠው ሌላውን ጎን አደረቁ። «ኦኬማ ሁላችንም እንላለን» አሉ።

ማክሰኞ፣ የሰባተኛው ቀን ጠዋት፣ ለዳላስ ሁለት ሰዓት ሲሆን ከአዲስ አበባ ቪዲዮ ተደወለ። ሞላልኝ ስልኩን የንፍሮ ሰፌዱ ላይ አስደግፎ አቆመው። መጀመሪያ የታየችው ምሥራቅ ናት፤ ጥቁር ሻሽ አስራለች፣ ድምፅዋ ተዘግቷል።

«ነገራችሁት?» አለ ሞላልኝ።

«ምኑን እንነግረዋለን ሞላልኝዬ» አለች። «ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ኮቴያችንን አጥፍተን፣ አሥራ ሁለት ሰው ሆነን ገባን። በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ጥቁር ኮቱን ለብሷል፣ ጫማውን አድርጓል። የቤቱን ወንበር ሁሉ አንድ በአንድ አውጥቶ ደርድሮልናል። "ግቡ፣ ተቀመጡ" አለን። አብሬው እኮ ነው የማድረው! ከቅዳሜ ጀምሮ ዓይኔን አመመኝ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ ነበር። እኛ እያታለልነው መስሎን፣ ለካ እሱ ነው ያታለለን።»

ፅዮን ሻይ የያዘውን ትሪ ሳታስቀምጥ ቆማ ቀረች። ስልኩ ተወዛወዘና አባባ አየለ ታዩ። ፋሻው ተነስቷል። ኮታቸው ላይ የደረቡት ጋቢ በአንድ ትከሻቸው ወርዷል። መስማት የተሳነው ሰው እንደሚናገር፣ ጮክ ብለው ተናገሩ።

«ሞላልኝ! እግዚአብሔር ያጽናህ ልጄ! እናትህ ብቻ አይደለችም፤ እናቴም ናት!»

ቤቱ በለቅሶ ተናጠ። እሳቸው አይሰሙትም፤ ሰው ፊቱን ሲሸፍን ግን ያያሉ፤ እስኪወጣላቸው ጠበቋቸው። ከዚያ «ያቺ ጸሐፊ የት አለች?» አሉ።

ሞላልኝ ትሪውን ከፅዮን እጅ ተቀበለና ወደ ፊት ገፋ አደረጋት። ብትናገር አይሰሟትም። ዙሪያዋን አየች፤ ንጹሕ የወረቀት ሳህን አነሳች፣ ከጋሽ ሕዝቅያስ የማኅበር ሻንጣ ወፍራም እስክሪብቶ ወሰደችና ጻፈች፦ «መቼ አወቁ?» ሳህኑን ለስልኩ አሳየችው።

«ቅዳሜ!» አሉ አባባ አየለ። «እንዴት ነህ ስትዪኝ ጠረጠርኩ። አይዞህ ስትዪኝ ወንበር ያዝኩ። ናፍቀኸኛል ስትዪኝ እህቴ ሞታለች አልኩ። ሃያ ዓመት ጽፋልኛለች፤ አንድ የሚያምር ቃል ወጥቷት አያውቅም! ሞታ ካልሆነ በቀር እንዲህ አይጻፍልኝም።»

ፅዮን የባዶው ሣጥን ምስጢር ያን ጊዜ ገባት። የእማማም አባት፣ ባሕር ማዶ ደሴቱ ላይ ተቀምጦ፣ የደብተራውን የሚያምር ደብዳቤ ሲያነብ ይኸው ነው የሆነው። ለእማማ ልትነግራት ዘወር አለች፤ ወንበሩ ያለው ሌላኛው ክፍል ነው፣ ባዶም ነው።

«ሐኪሙ አታልቅስ ብሏል» ቀጠሉ አባባ አየለ። «በደህናው ዓይኔ አለቀስኩ።»

ከለቀስተኛው መሃል አንዳንዱ ሳቀ፤ ሳቁም ወዲያው ወደ ለቅሶ ተለወጠ።

«ለማን እነግራለሁ ታዲያ? ምሥራቅ ልታጽናናኝ ዘመድ ትሰበስባለች። ድካሟን ከንቱ ላድርገው? ሦስት ቀን ብቻዬን ያዝኩት።»

ብቻዬን። ይቺን ቃል ላለመስማት ነበር ቤቱ ሁሉ ሲንሾካሾክ የሰነበተው። ፅዮን ሁለተኛ ሳህን አነሳች፣ «ይቅርታ» ብላ ጻፈች፣ አሳየች። አባባ አየለ ሳህኑን አዩት፤ አንገታቸውን ነቀነቁ። አዲስ አበባ ዝናብ ጀምሮ ይመስላል፣ ከጀርባቸው ቆርቆሮው ይንጫጫል። ጋቢው ከትከሻቸው ጨርሶ ወረደ፤ አላነሱትም።

ፅዮን ሦስተኛ ሳህን ወሰደች። ብዙ አላሰበችም፣ ለማሳመርም አልሞከረች። በትልልቁ ጻፈችና ከፍ አድርጋ ያዘችው፦

«ጋቢህን ልበስ! ብርድ እንዲመታህ ነው? አታፍርም?»

ሞላልኝ ደነገጠ፤ «ፅዮን!» አለ። አባባ አየለ ግን ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው፣ በደህናውም በታመመውም ዓይናቸው፣ እያንዳንዷን ፊደል አነበቡ። ቀስ ብለው ጋቢውን ከወገባቸው ጎተቱ፣ በሁለቱም ትከሻቸው አዞሩት፣ ጫፉን አንገታቸው ሥር በደንብ ሸጎጡ፣ እንደ ታዘዘ ልጅ።

ፅዮን ፈገግ ልትል ምንም አልቀራትም።

«ቅዳሜ እንዲህ ብትጽፊ ኖሮ» አሉ አባባ አየለ፣ «አላውቅብሽም ነበር።»